ሰው ወይስ ወረቀት?

እሱ፦ እትዬ፣ እኔ ወስኛለሁ። ነሐሴ ላይ ልጁን ያንን ትንሹን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው የማስገባው። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው። ዩኒፎርም አለ፣ ሥርዓት አለ፣ ርዕሰ መምህሯ ጠዋት በር ላይ ቆማ ልጁን ሁሉ በስሙ እየጠራች ታስገባለች። የሰፈራችን ሚድል ስኩል ግን ገበያ ነው። ስምንት መቶ ልጅ በአንድ ደወል ኮሪደር ላይ ይፈሳል። የእኔ ልጅ እዚያ መሀል ይጠፋል።

እሷ፦ በስም መጠራት ቀላል ነገር አይደለም። ስድስት ዓመት በመንግሥት ሚድል ስኩል ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው ቀኑ የሚመሽበት ልጅ አይቻለሁ። ግን ከትምህርት ቤቱ በፊት ስለ ልጁ እናውራ። የሚቸግረው ምኑ ላይ ነው?

እሱ፦ ታውቂው የለ? ልቡ አይረጋም። ባለፈው ማክሰኞ የሜሪላንድን ካርታ ሥሩ ተብለው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከእናቱ ጋር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሠራ አመሸ። ወንዙን በሰማያዊ፣ ተራራውን በቡናማ ቀባ፤ ያምር ነበር። ዓርብ ቦርሳውን ስገለብጠው ካርታው ከታች፣ የበሰበሰ ሙዝ ተጭኖት ወጣ። “ለምን አልሰጠህም?” ስለው ክው ብሎ አየኝ። “ሰጥቼዋለሁ እኮ አባ” አለ። አልዋሸኝም፤ እውነትም የሰጠ መስሎት ነበር።

እሷ፦ አየህ፣ ሰነፍ ልጅ ቢሆን እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል አይቀመጥም ነበር። ሥራውን ይሠራዋል። የሚጠፋበት ከጠረጴዛው እስከ መምህሯ እጅ ያለው መንገድ ነው።

እሱ፦ ታዲያ እኔስ ምን አልኩ? ሥርዓት ያለበት ቦታ ያስፈልገዋል ነው የምለው።

እሷ፦ የምን ሥርዓት? አንተንስ ሥርዓት እናስይዝ ብለው ስንት ጊዜ አንበርክከውህ የለም? ቀዥቃዣ ሲሉህ፣ ዝንጉ ሲሉህ፣ ልበ ቢስ ሲሉህ ነው ያደግኸው። ዱላው ዝንጋታህን አስለቀቀህ?

እሱ፦ አላስለቀቀኝም። ዛሬም ቁልፌን ረስቼ ሁለት ጊዜ ሳልመለስ ከቤት አልወጣም። ሐኪሙም ይህ ነገር በቤተሰብ ይወርዳል ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ። ግን እትዬ፣ ሰው ሆኛለሁ።

እሷ፦ ሆነሃል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አብረውህ ከተንበረከኩት ግን ስንቱ ትምህርቱን ጥሎ ወጣ? ስማኝ፣ ሐኪሞቹ ኤዲኤችዲ የሚሉት፣ ትኩረትን የመሰብሰብና የመርጋት ችግር፣ የጠባይ ብልሹነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪዎች የልጆችን አንጎል በኤምአርአይ አይተው አንድ ነገር አሳወቁ። ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች የአንጎል ቅርፊት የሚያድገው እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ ግን በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። መዘግየቱ የሚጎላው ደግሞ ሐሳብን በሚሰበስበው፣ ዕቅድ በሚያወጣው በፊተኛው ክፍል ላይ ነው።

እሱ፦ እንግዲያውስ ለእኔ መሰከርሽልኝ። አእምሮው ለዕቅድ ገና ካልደረሰ፣ ስድስት ሰባት መምህር፣ ስድስት ሰባት ክፍል፣ ቁልፉ በቁጥር የሚከፈት ሎከር፣ በአራት ደቂቃ ከፎቅ ፎቅ መሮጥ፣ ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል? እስከ ዛሬ አንዲት መምህር ነበረችው። ከጎኗ ታስቀምጠዋለች፣ አንዳንድ ቀን ሲወጣ ቦርሳውን ከፍታ ታይለታለች። ትንሹ ትምህርት ቤት የሚሰጠኝ ይህንኑ ነው።

እሷ፦ ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ አልክድህም። ሚድል ስኩል ለእነዚህ ልጆች የሚከብደው ለዚህ ነው። ራስህን ችለህ ተደራጅ የሚባሉት ገና መደራጀት ባልቻሉበት ዕድሜ ነው፤ የሚደግፋቸው እጅም በዚያው ዓመት ይቀንሳል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአምስተኛ ክፍል መምህሯ የምታደርግለት ሁሉ የት ተጽፏል?

እሱ፦ የትም አልተጻፈም። ከደግነቷ ነው።

እሷ፦ ደግነቷ ሰኔ ላይ ከእሷ ጋር ይቀራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ሕጉ ለዚህ ሁለት መንገድ አስቀምጧል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሕግ አንቀጽ 504 ነው፤ ልጁ ከሌሎች እኩል እንዲማር የሚያስፈልገው ማስተካከያ ይጻፍለታል። ሁለተኛው ከ1975 ጀምሮ ያለው የልዩ ትምህርት ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ አይኢፒ ይሰጣል፣ ማለትም ለልጁ ብቻ የተዘጋጀ ትምህርት፣ ግብና መለኪያ ያለው ዕቅድ። ልጁ ከአንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲያልፍ ዕቅዱ አብሮት ያልፋል። ቻርተር ትምህርት ቤት ቢገባም እንዲሁ፤ ቻርተርም የመንግሥት ነው። ለመሆኑ ትምህርት ቤቱ ለልጁ የትኛውን ነው የጻፈለት?

እሱ፦ አንዱንም።

እሷ፦ እንዴት? የሐኪሙን ደብዳቤ አልሰጠሃቸውም?

እሱ፦ የመኪናዬ ኪስ ውስጥ ነው።

እሷ፦ ከመቼ ጀምሮ?

እሱ፦ ከጥቅምት። አትቆጪኝ። አንድ ጊዜ ካሳወቅኋቸው “ችግረኛ ልጅ” የሚለው ስም እስከ ኮሌጅ ይከተለዋል ብዬ ነው። ነገ ደግሞ መድኃኒት ካልዋጠ ክፍል አይገባም ይሉኛል። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ ሲሰማ የሚባለውንም ታውቂዋለሽ።

እሷ፦ አልቆጣህም፤ ስንት ወላጅ እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። የመድኃኒቱን ነገር ሕጉ ራሱ ዘግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሻሻል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሠራተኞች እንዲህ ያለውን መድኃኒት ካልወሰደ ትምህርት ቤት አይመጣም እንዳይሉ ከልክሏል። መዋጥ አለመዋጡ የአንተ፣ የእናቱና የሐኪሙ ጉዳይ ነው። ስሙን በተመለከተ ደግሞ፣ ልጁ አሁንም ስም አለው። ያልተነገረለት ልጅ ሰነፍ ይባላል፣ ግዴለሽ ይባላል። ከዚህ ስም የሐኪሙ ቃል አይሻለውም?

እሱ፦ እሺ ተናገርኩ እንበል። ወረቀት ሰው አይሆንም። አሌክሳንድሪያ ያለው ጓደኛዬ ለልጁ 504 ያስጻፈው በሚያዝያ ነው። ኅዳር ላይ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ሄዶ ቢጠይቅ፣ ከመምህራኑ ሦስቱ ወረቀቱን አይተውት አያውቁም። አንዷ ጭራሽ “አለው እንዴ?” አለችው። የሕግ ወረቀት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ልጁ ሲወድቅ ያያል።

እሷ፦ እውነት ነው። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ የሚተኛው ደግሞ ሲጻፍ የተኛ ስለሆነ ነው። “ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው” ብለው ይጽፉለታል። የአንተ ልጅ ጊዜ አላነሰውም፤ ካርታውን በጊዜ ጨርሶታል። ለእሱ መጻፍ ያለበት፣ “የቤት ሥራውን መምህሩ ክፍል በር ላይ ከእጁ ይቀበለው፤ በመጨረሻው ሰዓት አንድ የታወቀ ሰው ቦርሳውን አብሮት ከፍቶ ይይለት” የሚል ነው። ማን፣ መቼ፣ የት ተብሎ ከተጻፈ አለመደረጉም ይታወቃል። ካልተደረገም የምትሄድበት ቦታ አለህ። ቃል ብቻ የሰጠህን ሰው ግን በምን ትጠይቀዋለህ?

እሱ፦ ትንሹ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሳያስፈልገው ያደርገዋል። ምርመራውንም ቢሆን አላጣውም። ጠይቄ ነበር፤ ልጁ የግል ትምህርት ቤት ቢማርም ካውንቲው በነፃ የመመርመር ግዴታ አለበት ብለውኛል።

እሷ፦ ልክ ነህ፤ ምርመራው ግዴታቸው ነው። ከምርመራው በኋላ ያለውንስ ጠየቅህ? ወላጅ በራሱ ፈቃድ የግል ያስገባው ልጅ፣ የመንግሥት ተማሪ የሚያገኘውን አገልግሎት ለራሱ የመጠየቅ መብት የለውም። አይኢፒው በር ላይ ይቀራል። የአካል ጉዳተኞች ሕግም የሃይማኖት ተቋማት የሚያስተዳድሩትን ትምህርት ቤት አያስገድድም። ይህን የምልህ መጥፎ ሰዎች ናቸው ብዬ አይደለም። ርዕሰ መምህሯ ቅን ሴት ትሆናለች። ግን ጥር ላይ “ልጅዎ ለእኛ አልሆነም” ብትልህ ምን ትይዛለህ?

እሱ፦ እንዲህ አትለኝም።

እሷ፦ ምናልባት። ሄደህ አንድ ጥያቄ ጠይቃት። “እንደ እኔ ልጅ ያለ ልጅ ባለፉት ሦስት ዓመታት ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? አሁን የት ነው?” በላት። “እዚሁ ስምንተኛ ክፍል ነው” ካለችህ ከእኔ ክርክር በላይ ነው፤ አስገባው። “ሌላ ቦታ ሄዷል” ካለችህ ለምን እንደሄደ ጠይቅ።

እሱ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እጠይቃለሁ። አሁን ደግሞ እኔን መልሽልኝ፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝን። እዚህ አገር የልጄን ሐበሻነት፣ የአባቱን ጨዋነት ማንም አያይለትም። የሚያዩት ጥቁር ወንድ ልጅ ነው። ነጩ ልጅ ከወንበሩ ቢነሳ ኤዲኤችዲ አለበት ይባላል፤ የእኔ ልጅ ቢነሳ አስቸጋሪ ነው ይባላል። መንግሥት ራሱ የሚሰበስበው መረጃ ጥቁር ተማሪዎች ከቁጥራቸው በላይ ከትምህርት እንደሚታገዱ ከዓመት ዓመት ያሳያል። ስምንት መቶ ልጅ ባለበት፣ ጥበቃ በሚዞርበት ኮሪደር፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ልጅ ልልቀቅ?

እሷ፦ ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ሁለት ወንዶች ልጆች እዚህ አሳድጌያለሁ፤ ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ወረቀት ዘረኝነትን አያጠፋም። የማውቀው ግን ይህ ነው፤ ዕቅድ ያለው ልጅ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ሊያግዱት ቢሉ፣ መጀመሪያ ተሰብስበው “ጥፋቱ የመጣው ከችግሩ ነው ወይ?” ብለው መመርመር አለባቸው። ነው ከተባለ እንደ ማንኛውም ጥፋተኛ አያባርሩትም። የሐኪሙ ደብዳቤ መኪና ውስጥ የተቀመጠለት ልጅ ይህን ጋሻ እንዴት ያገኘዋል? የግሉ ትምህርት ቤትስ ዘረኝነት የለበትም ያለህ ማን ነው? ልዩነቱ እዚያ ሲሰናበት ሰብስቦ የሚጠይቅለት አለመኖሩ ነው።

እሱ፦ ጋሻ የሚያስፈልገው ጦር ከተወረወረ በኋላ ነው። እኔ የምፈልገው ጦሩ የማይወረወርበት ቦታ ነው። አሥራ ስምንት ልጅ ያላት መምህር የልጄን ዓይን አይታ፣ ሳይነሳ በፊት “ና፣ ይህን ወረቀት ቢሮ አድርስልኝ” ትለዋለች። ይህን የትኛው ሕግ ይጽፈዋል? የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እሷ፦ ይህን ልመልስልህ አልችልም፤ ትክክል ነህ። ሥራዬ ራሱ እሱ ነው። ከደወሉ አንድ ደቂቃ በፊት ልጁ ትከሻ ላይ እጄን አሳርፌ “ዛሬ ምን ይዘህ ትወጣለህ?” እለዋለሁ። በአይኢፒው ላይ “አንድ ሰው ያስታውሰው” ይላል እንጂ እጄን አይጽፍም። ግን ወንድሜ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ባይኖር እኔ እዚያ ክፍል አልመደብም ነበር። የእኔን ደመወዝ የሚያስከፍለው ያ ወረቀት ነው።

እሱ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

እሷ፦ ሌላም አለ። ክፍያውን በምን ልትሸፍነው ነው?

እሱ፦ ማታ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ልነዳ ነው። ቅዳሜንም እጨምራለሁ።

እሷ፦ ካርታው በተሠራበት ሰዓት አንተ መንገድ ላይ ነህ ማለት ነው።

እሱ፦ እናቱ አለች። ደግሞስ ለልጄ እንቅልፌን ባጣ ምን አለበት? አባታችን ለእኛ ስንት አጥቷል? ወደዚህ አገር የመጣነው ለዚህ አይደል?

እሷ፦ ለዚህ ነው። መሥዋዕትነትህን አላሳንስም። ግን ይህ ልጅ ከሌላ ልጅ የሚለየው፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ስለሚፈልግ ነው። የክፍሉን ወንበር በገንዘብ ትገዛለህ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ያለውን የአባት ወንበር ከየት ትገዛዋለህ? እናቱም የሌሊት ተረኛ የሆነችበት ሳምንት አለ።

እሱ፦ ሁለቱንም ለመስጠት አቅም ባጣ እንኳ፣ ቀኑን በሰላም የዋለ ልጅ ማታ ያን ያህል ሰው አይፈልግም ይሆናል። አሁን ማታ የሚከብደን ቀን የተሰበረውን ስንጠግን ነው።

እሷ፦ ይህም ያስኬዳል። ልጁስ ምን አለ?

እሱ፦ ሁለቱንም አሳየሁት። ከትንሹ ትምህርት ቤት ዝም ብሎ ወጣ። በሰፈሩ የሙዚቃ ክፍል በር ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ከበሮ ይመታሉ። ግን ለከበሮ ብዬ ትምህርት ቤት ልምረጥ?

እሷ፦ ለከበሮ ብቻ አትምረጥ፤ ግን አትናቀው። ቀኑን ሙሉ “ተቀመጥ፣ አስታውስ፣ የት ጣልከው?” የሚባል ልጅ፣ “ጎበዝ” የሚባልበት አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። አንድ ጥሩ ሰዓት ያለው ልጅ ስድስት ከባድ ሰዓት ይችላል። በትንሹ ትምህርት ቤት ያ ሰዓት የቱ እንደሆነ ጠይቅ። አለን ካሉህ ደስ ይበልህ።

እሱ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ የምሸሸው ስብሰባውንም ነው። እንግሊዝኛቸው ይፈጥናል። ባለፈው ኅዳር መምህሯ ስታናግረኝ ያስተረጎመልኝ ልጁ ራሱ ነው። “ጎበዝ ነው፣ ግን ትንሽ ይፍጠን ትልሃለች” አለኝ። በኋላ የላከችውን ኢሜይል እናቱ ስታነብልኝ፣ “በጣም ተጨንቄለታለሁ” ነው ያለችው።

እሷ፦ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የተነገረውን ክፉ ነገር ለአባቱ ይተርጉም? ምን ይበል? ሁለተኛ እንዳይደረግ። አስተርጓሚ መብትህ ነው፣ በነፃ ነው፤ ከስብሰባው ቀደም ብለህ ጠይቅ። እዚሁ ሞንጎመሪ ካውንቲ የወላጆችን ጽሑፍ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። በሜሪላንድ ሕግ ደግሞ በአይኢፒው ስብሰባ ላይ የሚቀርበውን ሰነድ ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሊሰጡህ ይገባል። ቤትህ ተቀምጠህ አንብበው፤ ያልገባህን አስምርበት። ስብሰባ ላይ ያልገባህን ወረቀት አትፈርም።

እሱ፦ እንግዲያው ምን አድርግ ነው የምትይኝ? የሰፈሩን ምረጥ?

እሷ፦ እንዲያ አላልኩም። ሁለቱንም በክፍት ቀን ሳይሆን በተራ ማክሰኞ ሂድና እይ። ግድግዳውንና ኮምፒውተሩን ተወው፤ ደወል ሲደወል ኮሪደሩ ላይ ቁም። መምህራኑ በራቸው ላይ ይወጣሉ ወይስ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀራሉ? ወረቀቱ ለወደቀበት ልጅ ማን ጎንበስ ብሎ ያነሳለታል? ካውንስለሯን “ልጄ ሲጨንቀው የሚሄደው ወደ ማን ነው?” በላት። የሰው ስም ከጠራችልህ ጥሩ ነው። “ቡድን አለን” ካለችህ እንደገና ጠይቅ።

እሱ፦ ማክሰኞው በትንሹ ትምህርት ቤት አምሮ ባገኘውስ?

እሷ፦ አስገባው፤ ግን ሐኪሙ ያለውን ሳትደብቅ። ቃሏን በኢሜይል አስጽፋት። ልጁ ካልሆነለት ወደ መንግሥት የሚመለስበት በር ክፍት እንዲሆን ምርመራው ቀድሞ ይለቅ። የሰፈሩ አምሮ ብታገኘው ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዘህ አትቅር። ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ገጽ ስጥ፤ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ሲጨንቀው እግሩን እንደሚያወዛውዝ ጻፍላቸው። የትኛውም ቤት ቢገባ ወረቀቱም ሰውየውም ያስፈልጉታል። ሰውየውን ለማግኘት ዕድል ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ግን በእጅህ ነው።

እሱ፦ እኔ አሁንም ልቤ ወደ ትንሹ ያደላል።

እሷ፦ ያድላ። የአባት ልብ ነው፤ አልዳኘውም። ደብዳቤው ግን ምርጫህን አይጠብቅም። መኪናህን ክፈትና አምጣው። “ልጄ እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ” የሚል አንድ መስመር እንጽፍበታለን፣ ቀን እንጽፍበታለን፣ ቅጂውን እናስቀራለን፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ትሰጣለህ። ለምርመራው ሕጉ የሚሰጣቸው 60 ቀን ነው፤ መቆጠር የሚጀምረውም አንተ የፈቃዱን ቅጽ ከፈረምክ በኋላ ነው። ዛሬ መጋቢት ነው። ትምህርት የሚዘጋው ሰኔ ላይ ነው።

እሱ፦ ቁልፌን አየሽው?

እሷ፦ ጠረጴዛው ላይ፣ ከካርታው ሥር ነው።